ባለሙያውንም ያክብር

ኡልም፣ የቅዱስ ሚካኤል በዓል ማግስት፣ 1484

እግዚአብሔር ሙያውን ያክብር።

ኦቲሊ፣ በጨው ነጋዴው እጅ የላክሽው ወረቀት ራሱ ጨው ሆኖ ደረሰኝ። እንባሽ የደረቀበት መስሎኝ ሆዴ ሊባባ ሲል፣ ነጋዴው ከረጢቱ ተቀዶበት እንደነበር ነገረኝና አረፍኩ። እኔ አለሁ። ጫማዬ መንገድ ላይ ተሰናብቶኛል፣ የቀኝ እግሬ አውራ ጣትም ዓለምን በራሱ እያየ ነው፤ የቀረው ገላዬ ግን ሙሉ ነው። እናትሽ ጉልበቷ ተሻላት? ያ የአባትሽ ሠራተኛ ጎርግስ አሁንም ቤታችሁ ይሠራል?

ደብዳቤዬን በማኅበራችን ሰላምታ በመክፈቴ እንደምትስቂ አውቃለሁ። ሳቂ። ከሃገንባህ እስከዚህ ድረስ ዳቦም አልጋም ያገኘሁት በዚህች ቃል ነው። ተጓዥ በርሜል ሠሪ የማያውቀው ከተማ ገብቶ፣ የማያውቀው ደጅ ላይ ቆሞ «እግዚአብሔር ሙያውን ያክብር» ሲል፣ የቤቱ ጌታ «ባለሙያውንም ያክብር» ካለው በቃ፣ ዘመድ አገኘ ማለት ነው። ስሙ የጎደፈ ሰው ግን ቃሏን ከአፉ ማውጣት አይፈቀድለትም፤ ቢያወጣትም መላሽ የለውም። አንቺ የበርሜል ሠሪ ልጅ ነሽና መልሱን ታውቂዋለሽ። ደብዳቤሽን በእሱ ክፈችልኝ።

ሰፈሩ ምን ይመስላል ላልሽኝ፣ ዓይንሽን ጨፍነሽም አትጠፊበትም። አፍንጫሽን ከቆጠቆጠሽ ብላው ወንዝ ዳር፣ ቆዳ ፋቂዎቹ ዘንድ ደርሰሻል። ጆሮሽ ከጮኸ አንጥረኞቹ ናቸው። በጀርባው እየሄደ የሚገፋሽ ሰው ካለ ገመድ ገማጅ ነው፤ እነሱ ዕድሜ ልካቸውን ወደ ኋላ ሲሄዱ ኖረው ወደ ፊት የሚሄዱት ለቀብራቸው ብቻ ነው እያሉ ጎረቤቶቻቸው ያሟቸዋል። እያንዳንዱ ማኅበር የራሱ መንገድ፣ የራሱ ቅዱስ፣ በትልቁ ቤተ ክርስቲያንም የራሱ ሻማ አለው። የቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ገና አላለቀም። መቼ ያልቃል ብዬ አንድ ሽማግሌ ብጠይቅ «አያቴ ሊያልቅ ነው ሲል ነበር» አለኝ።

የእኛ መንገድ ከድልድዩ ሥር ነው። ጌታ ሉትስ የሚባል በርሜል ሠሪ ተቀብሎኛል፤ ቁጡ ነው፣ ግን ቁጣው ከሾርባው በፊት ያልቃል። ማኅበራችን ቤት ውስጥ ትልቅ የእንጨት ሣጥን አለ። እሱ ሲከፈት ቢላውን ውጭ ያልተወ አይገባም፣ የሚቀመጥም የሚስቅም የለም፤ እዚያ ፊት የተነገረ ቃል አይመለስም። እኔን ሲመዘግቡኝ ተከፍቶ ነበር። ስሜን ሲጠይቁኝ የአባቴን ነገርኳቸው ብልሽ ለአባትሽ እንዳትነግሪብኝ።

አንድ ያሳቀብኝን ነገር ልንገርሽና ላብቃ። መጠጥ ቤቱ ጥግ ላይ ባለ ሦስት እግር በርጩማ አየሁና ዘፍ አልኩበት። ከላዩ ግድግዳው ላይ ኩባያ በሰንሰለት ተንጠልጥሏል። ጠጪው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

«ተነስ፣ አንተ ገጠሬ! የማን በርጩማ መሰለህ?» አለኝ ባለቤቱ።

«ያንተ ነዋ!»

«የእኔ ቢሆንማ በምን ዕድልህ! የሰያፊው ነው። የሰው አንገት የሚቆርጠው፣ የሚሰቅለው እሱ ነው።»

ለካስ እዚህ ሰያፊው ከሰው ጋር አይቀመጥም፣ ኩባያውንም ሌላ ሰው አይነካም። የነካ ከእሱ እኩል ይረክሳል፤ ከማኅበሩም ይወጣል። ጌታ ሉትስ ባይደርስልኝ መጀመሪያዬና መጨረሻዬ አንድ ቀን ነበር። «ኩባያውን አልነካም! በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ!» ብሎ ጮኸ። ሁሉንም ቢራ ጋበዝኩና ተሳሳቅን። አሁን በሰፈሩ «ባለ በርጩማው» ነው የምባለው።

ያንቺው ኪሊያን

ሃገንባህ፣ የቅዱስ ማርቲን ዋዜማ

ባለሙያውንም ያክብር።

ባለ በርጩማው ሆይ! እንዲህ ብዬ ብጠራህ አትቆጣ፤ እኔ የጀመርኩት ስም አይደለም። ደብዳቤህን ለእናቴ ሳነብላት ሳቋ ጉልበቷን አስረሳት። አባቴ ግን አልሳቀም። «ኩባያውን በእርግጥ አልነካም?» ብሎ መልሶ መላልሶ አስነበበኝ። እሱ መቼም ታውቀዋለህ፣ የማኅበሩ አለቃ ከሆነ ወዲህ ሲያስነጥስ እንኳ በሥርዓት ነው።

ጎርግ አሁንም ቤታችን ይሠራል ወይ ላልከኝ፣ ይሠራል። በርሜሎቹም አሁንም ያፈሳሉ። ባለፈው ሳምንት ለገዳሙ የሠራውን መነኮሳቱ ሲሞሉት የጓዳቸው ወለል ጠጅ ጠጣ። ቅናትህ ደስ ብሎኛል፣ ግን ከንቱ ነው። ሥራ ላይ ሳለ እንኳ ማጭድ የመሰለ ፊቱን ወደ እኔ ያዞራል፤ እኔም ዝይዎቹን እያየሁ እሱን ያየሁ አስመስላለሁ።

የእኛን ነገር ጠይቄልሃለሁ። እራት ላይ፣ ዝይው ግማሽ ከሄደ በኋላ፣ ሆዱ ሲሞላ ጠብቄ ነው። «የኡልም ማኅበር ማኅተም ያለበትን ወረቀት ይዞ ይምጣ፣ ከፋሲካ በኋላ ድግሱን እደግሳለሁ» አለ። ቀጠለና «ወረቀት ከሌለው ግን እንኳን ልጄን ድመቴን አልሰጠውም። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» አለ። እናቴ ከጠረጴዛው ሥር እጄን ጨበጠችኝ። ኪሊያን፣ ድመታችን እርጉዝ ናት፣ ስለዚህ አባቴ በጣም ለጋስ ሆኖልሃል ማለት ነው።

የአንሶላውን ጠርዝ እየሰፋሁ ነው። ፊደልህን ከጫፉ ላይ ጠልፌዋለሁ፤ ከሩቅ ሲያዩት ሸረሪት ይመስላል። ሌላ ምን እላለሁ? እጅህን ጠብቅ፣ ጉሮሮህን ጠቅልል፣ ከወንዙ ራቅ። አንተ ዓሣ ካየህ ራስህን አትገዛም።

ኦቲሊ

ኡልም፣ የቅዱስ ኒኮላስ ዕለት

ኦቲሊ፣

መልእክትሽ ደርሶኛል፤ አመሰግናለሁ። አጭር ስለምጽፍ ይቅር በይኝ፣ ብርድ መትቶኝ ሰነበተና እጄ አልጸና አለ። አሁን እየተሻለኝ ነው፣ አትጨነቂ።

በረዶው ጀምሯል። የማድረው ጌታ ሉትስ ቤት መሆኑ ቀርቷል። ጣውላ የሚከመርበት ሰገነት ላይ ተዛውሬአለሁ፤ ሰፊ ነው፣ የባሉጥ እንጨት ሽታው ደስ ይላል። ወረቀቱን በተመለከተ ትንሽ ይዘገያል።

ሸረሪቷን ሳስብ ሳቅኩ። ስፌቱን ግን ለጊዜው አታቻኩዪው፣ ዓይንሽን ታደክሚያለሽ።

አባትሽ ከመንገደኛ አፍ የሆነ ነገር ቢሰማ፣ መጀመሪያ የእኔን ቃል እንድትጠብቂ እለምንሻለሁ።

ኪሊያን

ሃገንባህ፣ የልደት በዓል ሰሞን

ኪሊያን፣

ደብዳቤህን ከፍቼ የመጀመሪያውን መስመር ፈለግኩት። ወረቀቱን ገለበጥኩ። ወደ መስኮቱ ይዤው ሄድኩ። ሰላምታው የለም። እኔ «ባለሙያውንም ያክብር» ልልህ አፌን ከፍቼ ነበር፤ የምመልስለት አጣሁና አፌ እንደተከፈተ ቀረ።

ረስቶት ነው አልኩ። አንተ ግን ስምህን ትረሳ እንደሁ እንጂ እሱን አትረሳም። ታሞ ነው አልኩ። የታመመ ሰው ጸሎቱን ያረዝማል እንጂ አያሳጥርም።

እንዲህ እያልኩ ራሴን ሳታልል ከትናንት በስቲያ ከላይ አገር የመጣ ተጓዥ ሙያተኛ ቤታችን አደረ። ሰላምታውን አጣርቶ ተናገረ፣ አባቴም መለሰለት፣ ጎመንና የአሳማ ሥጋ ቀረበለት። በልቶ ሲጠግብ «በኡልም አንድ የእኛ ማኅበር ሰው የሰያፊውን ልጅ አቅፎ በአደባባይ ሄደ አሉ፤ በርጩማው ላይም ቀድሞ ተቀምጦ ነበር፣ የወደፊት አማቹን ቤት እየለመደ ነው» አለና ሳቀ። ጎርግም ሳቀ። አባቴ ማንኪያውን አስቀመጠ። ስሙን አልጠየቀም። በርጩማው በቂው ነበር።

እናቴ እንጨት ላመጣ ብላ ወጥታ ጓሮ ቆማ አለቀሰች። እኔ ግን አላለቀስኩም፤ የእኔን ቃል ጠብቂ ብለኸኛልና እየጠበቅኩ ነው። ግን ቃልህ የት አለ? ብርድ መታኝ ትለኛለህ። ብርዱ ከየት መጣ? ለምን ሰገነት ላይ ታድራለህ? በገዛ እጅህ ጻፍልኝ እንጂ ያንተን ነገር ከጎመን በሊ አፍ አታስለቅመኝ።

ኦቲሊ

ኡልም፣ የሦስቱ ነገሥታት በዓል

ኦቲሊ፣

ልክ ነሽ። ሰላምታውን የተውኩት ስለተከለከልኩ ነው።

የቅዱስ አንድርያስ ዕለት ጠዋት ጣውላ ልንዘፈዝፍ ወንዙ ዳር ነበርን። አንድ ነገር ከድልድዩ ሲወድቅ ሰማሁ፤ ቀና ስል የሕፃን ቀሚስ ውሃው ላይ ተነፍቶ አየሁ። ድልድዩ ላይ ሰው ሞልቷል። ማንም አልገባም። ዋና የማይችሉ መስሎኝ ነበር። እኔም ከነልብሴ ገባሁ። ዓሣ ካየህ ራስህን አትገዛም ብለሽ ነበር፤ ዓሣ አልነበረችም።

ይዣት ስወጣ እጁን የዘረጋልኝ የለም። እንዲያውም ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ሞታ ይሆናል ብዬ ቁልቁል አየኋት፤ እሷም ዓይኗን አፍጥጣ ታየኛለች።

«ምነው፣ በሕይወት አለች እኮ! አንድ ጨርቅ አቀብሉኝ!» ብዬ ጮኽኩ።

«አስቀምጣት፣ አንተ ሞኝ» አለችኝ አንዲት ዳቦ ሻጭ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። «የሰያፊው ናት።»

የት ላስቀምጣት? መሬቱ በረዶ ነበር። ቤቷ ድረስ ይዣት ሄድኩ። ከከተማው ግንብ ሥር፣ ጎረቤት የሌለው ቤት ነው። እናቷ ከእጄ ነጠቀችኝና እሳቱ አጠገብ ተንበረከከች። አባትዬው ሊጨብጠኝ እጁን ዘረጋ፤ መልሶ ግን ከጀርባው ደበቀው። «በጓሮ ውጣ፣ ልጄ። ማንም ሳያይህ ሂድ» አለኝ። እንዳያረክሰኝ ሳስቶልኝ ነው። ግን ከተማው ሁሉ አይቶ ጨርሷል። ልጅቱ አግኔስ ትባላለች። ሰው ስለማያጫውታት የእኛን ሥራ ለማየት ሁልጊዜ ድልድዩ ላይ ትንጠለጠል ነበር አሉኝ፤ የወደቀችውም እኛን ስታይ ነው።

ያን ዕለት ማታ የጌታ ሉትስ ሚስት የበላሁበትን ሳህን ሰበረችው። ጌታ ሉትስ ደጅ ጠራኝና «ልጄ፣ ክፉ ሠራህ ያለህ የለም። እኔ አባት ነኝ። ግን ያንተ እጅ የነካውን በርሜል ማን ይገዛኛል?» አለ። ሲናገር መሬት መሬት ያይ ነበር። ሰገነቱን የሰጠኝ ከማኅበሩ ተደብቆ ነው።

አሁን ወደ ትልቁ ነገር። መውጫ አለኝ። የማኅበሩ አለቃ ጌታ ኡልሪሽ ደግ ሽማግሌ ነው፣ ሊያድነኝ ይፈልጋል። ከአራት ሳምንት በኋላ፣ የሻማ በዓል ዕለት ሣጥኑ ይከፈታል። እኔ ፊቱ ቆሜ ሁለት ነገር እምላለሁ። አንደኛው፣ የማን ልጅ እንደሆነች ሳላውቅ እንደገባሁ ነው። ይኼ እውነት ነው። ሁለተኛው፣ ባውቅ ኖሮ እንደማልነካት ነው። ሁለቱን ከማልኩ ስሜ ይነጻል፣ ወረቀቴም ማኅተሙን ያገኛል። ካልማልኩ ስሜ ይፋቃል፤ ከዚህ እስከ ራይን ድረስ ሰላምታዬን የሚመልስ በርሜል ሠሪ አይኖርም።

ሁለተኛውን ቃል ሰገነቱ ላይ ብቻዬን እለማመደዋለሁ። ጣውላዎቹ ይሰሙኛል። ምን ላድርግ?

ኪሊያን

ሃገንባህ፣ የቅዱስ አንጦንስ ዕለት

ባለሙያውንም ያክብር። አንተ ባትጀምርም እኔ መልሻለሁ፤ ማን ይከለክለኛል።

ኪሊዬ፣ ማል።

ይህን ቃል በትልቁ የጻፍኩት ሌላውን ሳታነብ ቀድሞ እንዲታይህ ነው። ማል። ልጅቱ ከውሃው ወጥታለች፤ ቃልህ መልሶ አይጥላትም። እናቷ እቅፍ ውስጥ ናት፣ እሳት እየሞቀች ነው። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይላሉ፣ አንተ ግን አፍሰኸዋል። ከዚህ በላይ ምን ይፈልጉብሃል? ምላስ አጥንት የላትም፣ እንደፈለጉ ያጥፏት። እግዚአብሔር የገባህበትን ውሃ አይቷል፤ ሽማግሌዎቹ ደግሞ የሚሰሙትን ቃል ይስሙ። ለየብቻ ክፈላቸው።

አባቴ ከዚያች ማታ ጀምሮ አላናገረኝም። የማኅተሙ ወረቀት እስኪመጣ ነው ዝምታው፣ አውቃለሁ። ጎርግ አዲስ ሸሚዝ ማድረግ ጀምሯል። ለእናቴ ውሃ ይቀዳላታል። እንደ ድሮው ልስቅበት ሞከርኩ፤ አልመጣልኝም።

ስለ ልጅቱ ማታ ማታ እጸልያለሁ፣ ድንጋይ አይደለሁም። ዕድሜዋን አልነገርከኝም፤ ባትነግረኝም ይሻላል። ግን እኔስ? እኔም እኮ እየወደቅኩ ነው፣ ኪሊያን። የእኔን እጅ የሚይዝ ካንተ ሌላ የለም፤ አንድ ቃል ብቻ ነው የምለምንህ።

አንሶላውን ጨርሼዋለሁ። አትስፊ ብለኸኝ ነበር፣ እምቢ ብዬ ሰፋሁት።

ኦቲሊህ

ኡልም፣ የሻማ በዓል ማግስት

ኦቲሊ፣ ውዴ፣

ልምል ሄጄ ነበር። ይህን እንድታምኚኝ እፈልጋለሁ። ደብዳቤሽ ደረቴ ውስጥ ነበር፣ ቢላዬን ደጅ ትቼ ገባሁ። ጌታ ኡልሪሽ ሣጥኑን ሲከፍት ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ «ቶሎ ተናገራትና ቢራችንን እንጠጣ» አለኝ።

«የማን ልጅ መሆኗን ሳላውቅ ገባሁ» አልኩ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ጌታ ሉትስ ከጥግ ፈገግ ሲልልኝ አየሁ።

«ባውቅ ኖሮ...» ብዬ ጀመርኩ።

ፊትሽን በሐሳቤ ፊት ለፊቴ አቆምኩት። የቀረችኝ «አልነካትም ነበር» የምትለዋ ናት፤ ስንት ጊዜ ተለማምጃታለሁ። ግን ኦቲሊ፣ ክብደቷ መጣብኝ። ርጥብ ልጅ ትከብዳለች። በሁለት እጇ አንገቴን አንቃ ይዛኝ ነበር፣ ዳር ከደረስንም በኋላ አልለቀቀችኝም። እዚያ ቆሜ አንገቴን ስነካው አሁንም የያዘችኝ መሰለኝ።

«ጨርሰው እንጂ፣ ልጄ» አለኝ ጌታ ኡልሪሽ። «ባውቅ ኖሮ ምን?»

«ባውቅ ኖሮ ፈጥኜ እገባ ነበር» አልኩ። «ሌላ የሚገባ እንደሌለ አውቅ ነበርና።»

ላስቀይማቸው ብዬ አይደለም። ሌላ ቃል አልወጣ አለኝ። ጌታ ኡልሪሽ መዝገቡን ከሣጥኑ አወጣና ስሜ ያለበትን መስመር አብራው በምትቀመጠው መፋቂያ ፋቀው። መዝገቡን ትቶ እኔን እያየ ስለነበር ከጎኔ ያለውንም ሰው ስም ሊፍቀው ትንሽ ቀረው። ጌታ ሉትስ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

አንድ ቃል ለመንሽኝ፣ እሷኑ ነፈግኩሽ። ብትጠዪኝ እውነት አለሽ። ከዛሬ ጀምሮ ከእኔ ቃል ኪዳን ነጻ ነሽ፤ ይህንን ስጽፍ ብዕሩ ሳይሆን ልቤ ነው የተሰበረው፣ ደብቄ አልዋሽሽም። ግን ያለ ማኅበር ምን ይዤ እመጣለሁ? አባትሽ ደጅ ቆሜ ምን ብዬ አንኳኳለሁ?

ሰያፊው ቤት ጓሮ ያለች ጎጆ ውስጥ እየኖርኩ ነው። ስሙ ሌዮንሃርት ነው፤ እዚህ ከተማ ውስጥ የሚያውቀው ሰው እምብዛም ነው። አሁን እጄን ይጨብጠኛል።

ኪሊያን

ሃገንባህ፣ ጾሙ ሊገባ ሲል

ኪሊያን፣

ይህን ደብዳቤ የማደርሰው በገዳሙ በኩል ነው። ከዚህ በኋላ ሌላ እንደማይኖር የሚያመጣልህ መነኩሴም ያውቃል።

አንተ ነጻ ነሽ ብለህ ፈታኸኝ። ነጻ አልወጣሁም። ወሬህ ከደብዳቤህ ቀድሞ ደርሶ ነበር። ሁለት ደንበኞች በርሜላቸውን መለሱ፤ «ሴት ልጁ ከሰያፊው ቤተሰብ ጋር ታጭታለች» ተብሎ ነው። እናቴ ገበያ ሄዳ ዕንቁላል የሚሸጥላት አጣች። አባቴ በአንድ ሳምንት አረጀ። እሱ መቼም ክፉ አይደለም፣ አንተም ታውቀዋለህ። እራት ላይ ሲያለቅስ አየሁት፤ የአባት ልቅሶ ምን እንደሚመስል አላውቅም ነበር።

እዚህም ሣጥን አለ። ሴት ፊቱ ቆማ አታውቅም፣ ለእኔ ሲሉ ከፈቱት። የጸጉር መርፌዬን ቢላ ነው ብለው አስወለቁኝ። ያስማሉኝ ምን መሰለህ? «ይህ ሰው እንዲህ እንደሚያደርግ ባውቅ ኖሮ እጄን አልሰጠውም ነበር በይ» አሉኝ።

ያንተን ደብዳቤ ከዚያች ጠዋት በፊት አንብቤዋለሁ። አንተ የት ላይ እንደቆምክ አውቃለሁ። «ባውቅ ኖሮ» ብዬ ስጀምር እዚያው ቦታ ላይ የሚያንቀኝ ነገር ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ። እናቴን አየኋት። ምንም አላነቀኝም። እስከ መጨረሻው አልኩት። ድምፄ እንኳ አልተሰበረም፣ ጎርግ «በደንብ ነው የተናገርሽው» አለኝ።

ከፋሲካ በኋላ ለእሱ እዳራለሁ። ሸረሪቷን ከአንሶላው ላይ ፈታኋት፤ ክሩ ወጣ፣ የመርፌው ቀዳዳ ግን አልጠፋ አለ።

ደብዳቤዬን በመልሱ ልከፍት ነበር። እጄ እምቢ አለኝ። እንደዚያ የማለች ሴት ያንን ቃል ልጻፍ ብትል ወረቀቱም አይቀበላት። ስትገባ ድልድዩ ላይ ሰው ሞልቶ ነበር ብለኸኛል፤ እኔም ከእነሱ አንዷ ነኝ፣ ኪሊያን። ወድጄህ ነበር። አሁንም እወድሃለሁ፤ ግን ዳር ቆሜ ነው።

ኦቲሊ

ኡልም፣ ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት

ኦቲሊ፣

ዛሬ ተድረሽ ይሆናል፣ ወይም ትናንት። ደብዳቤዬ ሲደርስሽ ጎርግ ቢያገኘው አንብቢለት፤ የሚደበቅ የለበትም። በርሜሉን ሲያጠብቅ ቀለበቱን በአንድ በኩል ብቻ እንዳይመታ ንገሪው፣ የሚያፈሰው ለዚያ ነው።

ዳር በመቆምሽ አልፈረድኩብሽም። ውሃው ብርዱ ምን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ፣ ለማንም አልመኝም። አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። ያን ዕለት ይዣት ስወጣ፣ ሁሉም ሲያፈገፍግ፣ በመሃላቸው ያንቺን ፊት ፈልጌ ነበር። ስንት ቀን መንገድ ርቀሽ እንዳለሽ እያወቅኩ ነው የፈለግኩት። አሁንም አንዳንድ ጠዋት ድልድዩን ቀና ብዬ አያለሁ። እንባዬ ይመጣል፣ አብሼው እሠራለሁ።

ነገ በዳኑብ ቁልቁል በሚወርድ የግንድ ታንኳ እሄዳለሁ። ሃንጋሪዎች አገር ማኅበር የማይጠይቁ መንደሮች አሉ ይባላል። ከመሄዴ በፊት ለሌዮንሃርት ሚስት የልብስ ማጠቢያ ገንዳ ልሥራላት ብዬ ጓሮው ውስጥ ጣውላ ሳስተካክል ዋልኩ። የመጨረሻውን ቀለበት መትቼ ሳስገባ፣ ልማድ ሆኖብኝ፣ ሰው ያለ ሳይመስለኝ «እግዚአብሔር ሙያውን ያክብር» አልኩ። ያቺ አግኔስ ድልድዩ ላይ ተንጠልጥላ ስንት ዘመን ስታዳምጠን ኖራለች። ከገንዳው ማዶ ብቅ አለችና፣ አንዲት ፊደል ሳታጎድል፣ «ባለሙያውንም ያክብር» አለችኝ።

ኪሊያን